የእኅቴ የዕቃ ዝርዝር

በዚህ ዐምድ ላይ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ተማሪ መጻፌን የለመዳችሁ ሁሉ ዛሬ ስለ መብራት፣ ስለ ማይክና ስለ ተንቀሳቃሽ ስልክ ባወራ እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አለኝ። ነገሩ የመጣው ከገዛ ቤቴ ነው። በ2017 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ዕቍብ ደረሰኝ። የመምህር ዕቍብ ምን ያህል እንደሆነ ለእናንተ ለወር ጠባቂዎች ማስረዳት አያሻም። ይሁን እንጂ ያች ገንዘብ ሥራ ነበራት፤ ክረምት በገባ ቍጥር የሚያፈሰውን የእናታችንን ቤት ቆርቆሮ ላስለውጥባት አስቤ ነበር። ገንዘቡን ተቀብዬ በገባሁበት ማታ ታናሽ እኅቴ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አምጥታ ከራቱ ትሪ አጠገብ አኖረችልኝ። በወረቀቱም ላይ ስምንት ነገሮች በተራ ተጽፈው ነበር፤ አዲስ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ሪንግ ላይት፣ ጂምባል፣ ገመድ አልባ ማይክ፣ ፓወር ባንክ፣ የካንቫ የዓመት ክፍያ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ በትልልቅ ፊደል «ድሮን»።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኋት።

«የሥራ መሣሪያዬ ነዋ! አናጢ ያለ መዶሻ፣ ሸማኔ ያለ መወርወሪያ ይሠራል?» አለችኝ። መልሱን አዘጋጅታ እንደመጣች ያስታውቅ ነበር።

እኅቴ በማርኬቲንግ ተመርቃ አንድ ዓመት ያህል ሥራ ስትፈልግ ከቈየች በኋላ ሽሮ ሜዳ ከሚገኙት የሐበሻ ቀሚስ ሱቆች በአንደኛው ተቀጥራለች። የሥራ መደቧ በወረቀት ላይ «የሶሻል ሚዲያ ማርኬቲንግ ባለሙያ» ይባላል፤ የሱቁ ባለቤት ግን «ፌስቡክ የምትነካዋ ልጅ» ይሏታል። ሥራዋ ሸማኔው የሠራውን፣ ጠላፊው የጠለፈውን ልብስ ፎቶግራፍና ቪድዮ አንሥታ በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በፌስቡክ ማሳየት፣ ለጠያቂው ዋጋ መናገርና ትእዛዝ መቀበል ነው። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ በዋሺንግተንና በአካባቢዋ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ናቸው፤ ለሠርግ፣ ለእንቍጣጣሽና ለጥምቀት የሚለብሱትን ከሽሮ ሜዳ ያዝዛሉ። ደመወዟ ትንሽ ነው፤ በተሸጠው ቀሚስ ልክ ግን ጥቂት ኮሚሽን ይታሰብላታል። እንግዲህ ፎቶግራፉ ሲያምር እንጀራዋ ይሰፋል፤ ሲበላሽ ይጠብባል።

እኔም የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ነገርን ሳልለካ አልቀበልም። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንቺ ጋር ሱቅ እውላለሁ፤ ለሥራሽ የጐደለውን በዐይኔ ካየሁ እገዛልሻለሁ፤ ካላየሁ ግን ገንዘቡ ቆርቆሮ ይሆናል» አልኋት። ተስማማን።

ድሮኑ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሳይበር ወደቀ። በአገራችን ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም እንደማይቻል ነገርኋት፤ ደግሞስ ቀሚስን ከሰማይ አይቶ የሚገዛ ማን ነው? ጂምባሉም ተከተለው። ጂምባል ማለት በሚራመድ ሰው እጅ ያለ ስልክ እንዳይናወጥ በትንንሽ ሞተሮች የሚያመዛዝን መያዣ ነው፤ ፈረስ ሲጋልብ ለሚቀርጽ ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ የእኅቴ ሱቅ ግን ከዳር እስከ ዳር አራት እርምጃ አይሞላም። በእርሱ ፈንታ ትራይፖድ የሚሉትን ባለሦስት እግር ማቆሚያ ገዛንላት፤ ዋጋው ከጂምባሉ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ስለ አዲሱ ስልክ ብዙ ተከራከርን። ያላት ስልክ ቪድዮ በ1080 በ1920 ልክ ያነሣል፤ ቲክቶክም ሆነ የኢንስታግራም ሪል የሚጠይቁት ቁም ምስል ይኸው ነው፤ ከዚያ የበለጠ ቢላክላቸውም ራሳቸው ጨምቀው ያሳንሱታል። ጉድለቱ ሌላ ነበር። የካሜራው መስተዋት በጣት ወዝ ተለብጦ ጉም መስሏል። በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት፤ ምስሉ ወዲያው ጠራ። እኅቴም እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አላናገረችኝም።

በመብራቱ ነገር የተረታሁት ግን እኔ ነኝ፤ ቢሆንም እርሷ እንዳሰበችው አይደለም። በሰኔ ወር በዋሺንግተን አጠገብ የምትኖር አንዲት ደንበኛ ጥለቱ ወርቃማ የሆነ ቀሚስ በቴሌግራም አይታ አዝዛ ነበር። ልብሱ ሲደርሳት ጥለቱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ሆኖ አገኘችው። ቀሚሱን የመረጠችው ለእኅቷ ሠርግ ከሌሎቹ ሚዜዎች ልብስ ጋር እንዲስማማላት ነበርና በጣም ተቈጣች፤ ገንዘቧም ተመለሰላት። ከመላኪያው ወጪ ግማሹ ከእኅቴ ደመወዝ ተቈረጠ።

«ካሜራው ዋሸ» ትላለች እኅቴ። ካሜራው አልዋሸም፤ የዋሸው ብርሃኑ ነው። በሱቁ ውስጥ ከጣራው የተንጠለጠለ ቢጫ አምፖል አለ፤ በበሩ ደግሞ የቀን ብርሃን ይገባል። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። የቢጫ አምፖል ብርሃን ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን፣ የቀትር ፀሐይ 5,500 ገደማ ሲሆን የደመና ቀን ብርሃን ከዚያም ከፍ ብሎ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የሰው ዐይን ይህን ሁሉ ሳናውቀው እያስተካከለ ነጩን ሸማ በየትኛውም ብርሃን ነጭ አድርጎ ያሳየናል። ስልክ ግን አንዱን መምረጥ አለበት፤ ሁለት ዓይነት ብርሃን ሲቀላቀልበት ግራ ይጋባና መካከለኛውን ይወስዳል። ያን ጊዜ ወርቁም ወርቅ አይሆን፣ አረንጓዴውም አረንጓዴ አይሆን።

ስለዚህ አንድ ሙከራ አደረግን። ከዚያው ጥለት የተረፈውን ቍራጭ ይዘን ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ወደ ደጃፉ ወጣን፤ አምፖሉንም አጠፋን። የሐምሌ ደመና ሰማዩን ሸፍኖት ስለ ነበር ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ለስልሶ ይወርድ ነበር፤ ፎቶግራፍ አንሺዎች በስቱዲዮ ውስጥ በብዙ ገንዘብ የሚዘረጉትን ጨርቅ እግዜር በነጻ ዘርግቶልናል። ከጥለቱ አጠገብ ነጭ ጋቢ አኖርን፤ በስልኩ ላይ ዋይት ባላንስ የሚለውን ጋቢው ነጭ ሆኖ እስኪታይ ድረስ አስተካከልነው። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፉንና ጥለቱን ጐን ለጐን ብናያቸው አንድ ሆኑ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ በበሩ ላይ ነጠላ ወጥረን በነጠላው ውስጥ አልፎ በሚመጣው ብርሃን ሠራን፤ የጠቈረውንም ጐን እንዲያበራ በወዲያኛው በኩል ነጭ ካርቶን አቆምን። የሱቁ ባለቤት ቆመው ሲያዩን ቈይተው «መምህር፣ ይኸን የመሰለ ነጠላ መጋረጃ አደረጋችሁት?» አሉ። «እትዬ፣ ገበያ እየጠራበት ነው» አልኋቸው። ሳቁና ሌላ አሮጌ ነጠላ አመጡልን።

ታዲያ መብራቱ ቀረ ማለት ነውን? አልቀረም። እኅቴ ማታ ማታ ላይቭ ትሠራለች። አዲስ አበባ ላይ ከማታው 2 ሰዓት ሲሆን ዋሺንግተን ላይ በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ እነርሱ በክረምታቸው ሰዓታቸውን ሲለውጡ ደግሞ 6 ሰዓት ይሆናል። ሰዎቹ ለምሳ የሚወጡበት ጊዜ ስለሆነ ይህን ሰዓት መልቀቅ አይቻልም፤ ማታ ደግሞ ደመና አያበራም። ስለዚህ መርካቶ ወረድን። ሻጮቹ ሁሉ የሚያወሩት ስለ ቀለበቱ ስፋትና ስለ እግሩ ርዝመት ነበር፤ እኔ ግን በካርቶኑ ላይ ሲ.አር.አይ. የሚለውን ቍጥር ስፈልግ ዋልሁ። ይህ ቍጥር መብራቱ ቀለሞችን ምን ያህል በእውነተኛ መልካቸው እንደሚያሳይ ከመቶ የሚሰጠው ማርክ ነው። ለልብስ ሥራ ከ90 በታች የሆነውን አለመግዛት ይሻላል፤ ርካሾቹ በተለይ ቀዩን ቀለም ያደበዝዙታል። ቍጥሩ ጭራሽ ያልተጻፈበት መብራት ደግሞ የፈተና ወረቀቱን ከአባቱ እንደደበቀ ተማሪ ነው። በመጨረሻ 95 የተጻፈበት አንድ ትንሽ መብራት አገኘን፤ ነገር ግን አራት ማዕዘን እንጂ ቀለበት አልነበረም። እኅቴ ጥቂት አኰረፈች፤ የሪንግ ላይት ክብ በዐይን ብሌን ውስጥ ሲያበራ ያምራል ትላለች። ማማሩስ ያምራል፤ ግን የምንሸጠው ዐይን አይደለም።

በማይኩ አልተከራከርሁም። የሽሮ ሜዳን መንገድ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ወደ እንጦጦ የሚወጣ መኪና ሁሉ እያቃሰተ ነው የሚያልፈው። ድምፅ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኀይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ በደረት ላይ የተቈነጠጠ ርካሽ ማይክ ሦስት ሜትር ርቆ ከቆመ ውድ ማይክ ይሻላል። ነፋስ እንዳይገባበት የሚለብሰው ጠጕራም ክዳንም አለው፤ የጎረቤት ሕፃናት አይጥ ያሰረች መስሏቸው አንድ ሳምንት ሙሉ ተከተሏት።

የፓወር ባንክን ቍጥር አምኖ የሚገዛ ሰው ግን ይታለላል። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተብሎ የሚጻፈው በውስጡ ባለው ባትሪ በ3.7 ቮልት የተለካ ነው፤ ወደ ስልክ የሚወጣው ግን በ5 ቮልት ነው። ተማሪ የሆናችሁ ስሌቱን ሥሩት፤ 37 ዋት ሰዓት ለ5 ሲካፈል 7,400 ይመጣል፤ ከዚያም ላይ በልወጣው ጊዜ ሙቀት ሆኖ የሚባክን አለ። ስለዚህ ባትሪው 5,000 የሆነውን ስልክ ሁለት ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሞላል። መብራት በጠፋ ማታ ይህች ግማሽ ናት ላይቩን በዋጋ ክርክር መካከል የምታቋርጠው። 20,000 የሚለውን ገዛን።

አሁን ወደማይዳሰሱት መሣሪያዎች እንለፍ። ስለ ካንቫ ሳነብ ያስደሰተኝ ነገር አለ። ከመሥራቾቹ አንዷ ሜላኒ ፐርኪንስ በአውስትራሊያ፣ በፐርዝ ከተማ ተማሪ ሳለች ሌሎች ተማሪዎችን የዲዛይን ፕሮግራም ታስተምር ነበር። ፕሮግራሙ ከባድ በመሆኑ ተማሪዎቹ ሲቸገሩ አይታ ቀለል ያለውን ለመሥራት አሰበች፤ ካንቫም በ2013 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተከፈተ። የአንድ አስተማሪ ትዝብት ምን እንዳፈራ ተመልከቱ፤ እኔ እስካሁን ያፈራሁት የጠመኔ አቧራ ነው። ያም ሆነ ይህ የዓመቱን ክፍያ አልከፈልሁም። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ እኅቴም በነጻ ከተሰጠው ክፍል ገና ሩቡን አልነካችም። ብርቱ ችግሯ የነበረው ፊደል ነው። አንዳንዱ የፊደል ቅርጽ ግዕዝን አያውቅምና «እንኳን አደረሳችሁ» ተብሎ ሲጻፍበት ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ገብቷል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰሉ በነጻ የሚገኙ ቅርጾችም አሉ። እርሱን ከጫነች ወዲህ ሳጥኑ ቀረ። ቪድዮዋን በካፕካት ስትቈርጥም ዋጋውንና ልኩን በግልጽ ፊደል ትጽፍበታለች፤ ብዙ ሰው በታክሲና በቢሮ ውስጥ ድምፁን ዘግቶ ነውና የሚያይ። ከአንባቢዎቼ መካከል በሥራ ሰዓት የሚያይ አለ ማለቴ አይደለም።

ስለ ሰዓት ካነሣሁ የሳቅንበትን ልንገራችሁ። ቴሌግራም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልእክትን አስቀድሞ ጽፎ ሰዓት ሲደርስ በራሱ እንዲወጣ ማዘዝ ያስችላል። ይህ ከገንዘብ የሚቈጠር መሣሪያ ነው፤ ሠራተኛ ተኝቶ ማስታወቂያው ይወጣል። እኅቴም የላይቩን ጥሪ «2 ሰዓት» ብላ አዘዘች። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነውና ጥሪው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወጣ። «አሁን ገብተናል፤ ኑ!» ይላል መልእክቱ። በዋሺንግተን ያሉት ገና ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ሲሄዱ ነበር፤ ገብተው ማንንም አላገኙም። አንዲት ደንበኛ «ሱቁ ተዘግቷል ወይስ እናንተ ተኝታችኋል?» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ በስልኳ ጀርባ ላይ «6 ጨምሪ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

በሌላ ቅዳሜ ያየሁት ግን የሚያስቅ አልነበረም። አንዲት ወይዘሮ ቀሚስ ስትለካ እኅቴ ሳታስፈቅዳት ቀረጸቻት፤ ወይዘሮዋም ራሷን ቲክቶክ ላይ አይታ እያለቀሰች መጣች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። ሕጉ ሲወጣ ቲክቶክን ያሰበ ማንም አልነበረም፤ ቃሉ ግን ልክክ ይልበታል። ቪድዮው ወዲያው ወረደ፤ እኅቴም ይቅርታ ጠየቀች።

ከዝርዝሩ ውስጥ ያልነበረ፣ እኔ በገዛ ፈቃዴ የገዛሁት አንድ ነገር አለ፤ ባለ መቶ ቅጠል ደብተር። «ይኸ ሁሉ ሕዝብ አይቶሻል ትያለሽ፤ የገዛውስ ስንት ነው?» ብላት መልስ አጣች። እያንዳንዱ ትእዛዝ ሲመጣ የገዢውን ስም፣ ስልክ፣ ልክ፣ የመረጠውን ጥለትና ልብሱን የት እንዳየው እንድትጽፍ ለመንኋት። «በኤክሴል ይሠራ የለ!» አለች። ላፕቶፕ ለማስገዛት መሆኑ ስለ ገባኝ ዝም አልሁ። አንድ ወር ከጻፈች በኋላ ቍጭ ብለን ቈጠርን። እርሷ በዘፈን እየተውረገረገች የሠራችውና እጅግ ብዙ ሰው ያየው ቪድዮ ያመጣው ገዢ አንድ ብቻ ነው። ሸማኔው መወርወሪያውን ሲወረውር፣ ጥለቱ ክር በክር ሲሠራ የሚያሳየው፣ ዘፈን እንኳ የሌለበት ቪድዮ ግን ዘጠኝ አምጥቷል። ዕይታና ሽያጭ ዝምድናቸው የሩቅ መሆኑን እኅቴ በማርኬቲንግ ትምህርቷ ተምራዋለች፤ ያመነችው ግን ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሸማኔዎቹ ዘንድ እየሄደች የእጃቸውን ሥራ ትቀርጻለች፤ ብዙዎቹ የዶርዜ ሰዎች ናቸውና ስለ ጥለቱ የሚነግሯት ነገር አያልቅባቸውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተገዝቶ፣ ሥራውም መልክ ይዞ፣ ለእንቍጣጣሽ አሥራ አራት ቀሚስ ታዝዞ ሳለ ነሐሴ 24 ቀን ቅዳሜ ማታ አንድ መልእክት በፌስቡኩ ገጽ ኢንቦክስ ውስጥ ገባ። የላኪው ሥዕል የፌስቡክን ምልክት ይመስላል። «ገጻችሁ የሌላ ሰው ሥራ ያለ ፈቃድ ስለ ተጠቀመ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል፤ የማትስማሙ ከሆነ ይህን ተጭናችሁ ማንነታችሁን አረጋግጡ» ይላል። እኅቴ ደነገጠች። የተጫነችው ቦታ የፌስቡክን በር የመሰለ በር ከፈተላት፤ የይለፍ ቃሏንም ጻፈች። እኔ በዚያው ክፍል ውስጥ የክረምት ኮርስ ወረቀት ሳርም ነበር፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «ወንድሜ፣ ገጹ አላስገባኝ አለ» አለች። ሲነጋ የገጹ ስምና ሥዕል ተለውጦ በማናውቀው ቋንቋ ሌላ ነገር ይሸጥበት ጀመር። ከሠላሳ ሺህ የሚበልጥ ተከታይ ከእጇ ወጣ።

ይህን ዓይነት ማታለል አስቀድሜ ሰምቼው ነበር። ፌስቡክ ገጽ ሲዘጋ በኢንቦክስ እንደ ተራ ሰው መልእክት እንደማይጽፍ፣ የይለፍ ቃልም በመልእክት እንደማይጠይቅ ዐውቅ ነበር። በስድስት ቅዳሜ ውስጥ ስለ ኬልቪን ስለፈልፍ ይህን አንድ ቀን አልነገርኋትም። ሁለተኛው መቈለፊያ፣ ማለት ከይለፍ ቃሉ ሌላ በስልክ ላይ በየጊዜው የሚለዋወጥ ቍጥር የሚጠይቀው፣ ቢከፈት ኖሮ ሌባው ቃሉን ብቻ ይዞ መግባት ይቸግረው ነበር። ለመክፈት ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በስምንቱ ዝርዝር ውስጥ እርሷ አልጻፈችውም፤ እኔም አልጨመርሁትም።

ሰኞ ጧት አብሬያት ሄድሁ። የሱቁ ባለቤት ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት «ማታ አንድ ሰው መጥቶ የሱቄን ቁልፍ ለወጠብኝ ማለት ነው?» የሚል ነበር። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም አልነበረኝም። ቀጥለውም «ቁልፉ በማን እጅ ነበር?» አሉ። ነገሩ የሚያሳፍረው እዚህ ላይ ነው። ገጹን የከፈተው ከእኅቴ በፊት የነበረ ልጅ ነው፤ እርሱ ዐረብ አገር ሲሄድ ሥልጣኑን ለእርሷ ትቶላት ራሱን አወጣ። የሱቁ ባለቤት በገዛ ሱቃቸው ገጽ ላይ ስማቸው የለም። እኅቴ ስትወድቅ አብሮ የሚይዝ ሌላ እጅ አልነበረም።

ያዳነን ደብተሩ ነው። የአሥራ አራቱ ደንበኞች ወሬ ሁሉ፣ ልካቸውም የመረጡትም ጥለት፣ በገጹ ኢንቦክስ ውስጥ ቀርቷል፤ በደብተሩ ላይ ግን አሥራ ሁለቱ ተጽፈው ነበር። ሁለቱን ስትቸኩል አልጻፈቻቸውም። በስልካቸው እየፈለገች ለአንዳንዳቸው ጻፈችላቸው፤ «ከዚያ ገጽ የሚመጣ መልእክት የእኛ አይደለም፤ ገንዘብ እንዳትልኩ» አለቻቸው። አንደኛዋ ሊከፈል የቀረውን ገንዘብ ለሌባው ልትልክ ተሰናድታ ነበር። አሥራ ሁለቱ ቀሚሶች ተላኩ። ከሁለቱ አንዷ በቴሌግራም ፈልጋ መጣች፤ አንዷ እስከ ዛሬ አልተገኘችም፤ ቀሚሷ በሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል። ገጹ አልተመለሰም። አቤቱታ ብንልክም መልሱ ሁሉ በመኪና የተጻፈ ነው።

አሁን አዲስ ገጽ ተከፍቷል። በላዩ ሁለት ሰዎች ሥልጣን አላቸው፤ አንደኛዋ የሱቁ ባለቤት ናቸው። ሁለቱም ሁለተኛ መቈለፊያ አላቸው። በቴሌግራሙም ቻናል እንዲሁ አደረግን፤ በነገራችን ላይ የቻናልን ባለቤትነት ወደ ሌላ ሰው ለማዛወር ያ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት የተተከለ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሠራተኛው በሚሰናበትበት ቀን ማሰብ ዘግይቷል። ስልክ ቢጠፋ መግቢያ የሚሆኑትን የመጠባበቂያ ቍጥሮች በወረቀት ጽፈን የሱቁ ባለቤት የንግድ ፈቃዳቸውን በሚያኖሩበት ሣጥን ውስጥ አስቀመጥን። «ይኸ የባንክ ቍጥር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ አይተናነስም አልኋቸው።

በየመሥሪያ ቤቱ የኮሙኒኬሽን ክፍል ውስጥ ገብታችሁ የቢሮውን ገጽ የምትይዙ አንባቢዎቼ ይህን ስታነቡ ምን እንዳሰባችሁ ማወቅ እሻለሁ። ንብረት ክፍል አንድ ወንበር ስትወስዱ በሞዴል 22 ያስፈርማችኋል፤ ስትዛወሩም ወንበሩን ሳያስቈጥር አይለቃችሁም። መቶ ሺህ ሰው የሚከተለው ገጽ ግን በአንድ ወጣት ሠራተኛ ስልክ ውስጥ ሆኖ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከወረዳ ወደ ወረዳ ይዞራል። ባለፈው ወር ይህን ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጓደኛዬ ባነሣለት ጥቂት ዝም ብሎ «የእኛ ቢሮ ገጽ የተከፈተበት ሲም ካርድ ሥራ የለቀቀ ልጅ ነው የያዘው» አለኝ።

ለቤታችን ጉዳይ፣ ከዕቍቡ የተረፈው ገንዘብ በጥቅምት ወር ለእናታችን ቤት ቆርቆሮ ሆኗል፤ መኝታ ቤቱ ተሸፍኗል፤ ማእድ ቤቱ ገና ነው። እኅቴ ከኮሚሽኗ በየወሩ ትከፍለኛለች፤ አንድ ወር ብቻ አሳልፋለች። ትናንት ማታ ደግሞ ከደብተር የተቀደደ ሌላ ወረቀት አምጥታ በጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ከሁሉ በላይ ላፕቶፕ ተጽፏል፤ ቀጥሎ ለሱቁ ባለቤት ስልክ፤ ከታች ደግሞ በትንንሽ ፊደል፣ እንዳላየው የተጻፈ ይመስል፣ ድሮን።